ጉሮሮ

ፎርት ኬንት፣ ጥር ወር፣ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
ማዶ ያለው ካናዳ በጉም ተሸፍኖ፣
ማሞቂያው ሌሊቱን ሲጨስ አደረ አኩርፎ፣
እንጨቱን እንደ ጅብ በልቶ፣ ለእኛ ጥላሸት አትርፎ።

አርማን ምድር ቤት ወረደ ምርኩዙን አስቀድሞ፣
ደረጃው አጋማሽ ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆሞ።
ቤቱን የሸጠልኝ እሱ ነው፤ ማሞቂያውንም ያቆመው፤
ብረቱ ሲበርደው ዛሬም እሱን ነው የሚያመው።
ሁለት ክረምት ሆነ ሐኪም አንገቱን ከቀደደ፤
ከዚያ ወዲህ ድምፁ በሹክሹክታ መንገድ ሄደ።

ባትሪውን አበራ።
«እጅሽን አስገቢ።»

እዚህ እቶን ውስጥ እሳት ሽቅብ አይሄድም፤
ቁልቁል ነው የሚነፋው።
ጭሱ በሸክላው ስንጥቅ ተጨንቆ ሲያልፍ፣ አየር ሲያገኘው፣
ያኔ ነው ጭስነቱን ትቶ ነበልባል የሚሆነው።
ሁለት ጣት የማያሳልፍ ነበር ድሮ ሲሠራ፤
አሁን አራት ጣቴ ገባ፣ ከነቀለበቴ፣ ያለ መከራ።
ጠርዙን ስነካው
እንደ አሮጌ ቂጣ ተፈረፈረ።

«አፍ ሲሰፋ» አለ፤ አልሰማሁትምና ጎንበስ አልኩ፤
«አፍ ሲሰፋ የሚወጣው ጭስ ነው።»

ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። አዲሱ ዕቃ
ስምንት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ።
ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው።
እውነትም ይፈጃል።

ስለዚህ እኛው።
የላላውን በመሮ ፈነቀልኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣
የቀረውን ሸክላ በእርጥብ ጨርቅ አራስኩ፤
ደረቅ ሸክላ ስስታም ነው፣
የአዲሱን ውሃ ጠጥቶ ይሰነጥቀዋል።
አርማን ከጥድ ቁራጭ የስንጥቁን ቅርጽ ላገ፣
የድሮውን ልክ ከእጁ እያስታወሰ፣ እየፈለገ።
የልጄን የልደት ሻማ ከመሳቢያ ያወጣሁት
ሦስቱን አቅልጬ፣ ሲሚንቶው እንዳይዘው፣ ጣውላውን ቀባሁት።
እሳት የማይፈራውን ሲሚንቶ በባልዲ በጥብጬ፣
ዙሪያውን ጠቀጠቅኩ፤ እቶኑ ግማሽ አካሌን ውጦ፣ እኔም አመዱን ውጬ።

ሁለት ሌሊት ጠበቅን።
ልጆቹ በአንድ አልጋ፣ ከነካፖርታቸው፣
እንደ ድንች በጆንያ ታጭቀው።
አርማን ቤቱ አልሄደም።
ከእቶኑ ፊት ወንበር ስቦ፣ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ፣
ወይም አራስ።

በሦስተኛው ቀን ጭራሮ ለኮስኩ፣ እፍኝ የማትሞላ።
አንድ ፍልጥ ልጨምር ስል ምርኩዙን ዘረጋብኝ።
«ቀስ! ውስጡ ገና ውሃ አለ፤
ካስቸኮልሽው ይፈነዳል።»
ስለ ሸክላው ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅኩም።
ወደ ማታ ግን ጥዱ ራሱ ነደደ፤
ቅርጹን ያስተማረው ለእሳቱ መንገድ ለቆ ሄደ።
ሰሙም ቀለጠ፤ ወርቅ ግን አልወጣም ከሥሩ፤
የቀረልን ባዶ ነው፣ ጠባብ ቀዳዳ፣ ከነድንበሩ።

ማራገቢያውን ከፈትኩት።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ከታችኛው ክፍል አንድ ድምፅ፣
በሬ ከሩቅ እንደሚያገሣ፣ ሳያቋርጥ።
ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ወረደ፣ ጫፉ ሰማያዊ፣
አርማን ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ፤
ከንፈሩ ተከፈተ፣ እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፣
እዚያው ቆየ።

ከምሰሶው ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቀኖች አሉ፣
ያቆመበት፣ ያደሰበት፣ ሚስቱ የሞተችበት።
እርሳሱን ሰጠኝ።
ቀኑን ጻፍኩ፤ ከጎኑ በእኛ ፊደል አንድ ቃል፦
ጠበበ።

«ምን ይላል?» አለ።
ሁለት ጣቴን አገጣጥሜ አሳየሁት፣ እንደማያልፉ።
ግማሹን ፍቺ ያገኘው እንዲህ ነው።
ሌላውን ልነግረው አፌን ስከፍት
እሳቱ ከእኔ በላይ ጮኸ።